ቀይ ክር ያለው ባጅ

ቲየንፋ «ያ ሰውዬ ከድንኳኑ ውጭ ይቁም፤ ሰው ከጠየቀ ዕቃ አመላላሽ ነው በሉ» ያለው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አባታቸው በሞቱ በሰባተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት አክስቶችና የሰፈሩ ሊቀመንበር ሰምተዋል። ታናሽ ወንድሙ ጂንሹዪ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የተሰደበበትን ቀንና ሰዓት ግን አይስትም። «ሰውዬው» የተባለው ሚንሆንግ ነበር። ከጂንሹዪ ጋር ሃያ ዓመት የኖረ፣ የአባታቸውን ገላ ሦስት ዓመት ያጠበ ሰው። ያን ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ።

ዛሬ ግን ጂንሹዪ ቂሙን ቁጭ ብሎ ለማመንዠክ ጊዜ አልነበረውም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቷል። ሁለቴ ተላጭቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛበት ከነበረው ሆስፒታል ወደዚህ ማገገሚያ ቤት ከመጣ አምስት ወሩ ነው፤ ጀልቦች በከበሮ ምት ለሚሽቀዳደሙበት የጀልባ በዓል ሁለት ሌሊት ቤቱ ሊያድር ነው።

«ሙሽራው፣» አለ አብሮት የሚያድረው ጓንግሊ ከአልጋው ሳይነሳ፣ «ለሦስተኛ ጊዜ ከተላጨህ የምትልጠው አጥንትህን ነው።»

«አፍህን ያዝ።»

«ይዣለሁ። የበዓሉን ሩዝ፣ በቅጠል የተጠቀለለውን፣ ስታመጣልኝ እከፍተዋለሁ።»

የቤቱ ደንብ ግልጽ ነው። ለበዓል የሚወጣን ሰው ቤተሰቡ ፈርሞ ይወስደዋል። እንግዳ ሰማያዊ ክር ያለው ባጅ ያጠልቃል፤ ቤተሰብ ቀይ። ከሁለት ሳምንት በፊት ነርሷ ዪጁን «ጋሼ፣ ቤተሰቤ የሚሉት ማንን ነው?» ስትለው ወጥመድ መስሎት ወደ ክፍሉ ገባ። የቀድሞው ሆስፒታል ሚንሆንግን «ጓደኛ» ብሎ ጽፎ ከብረት በሩ መልሶታልና። በሦስተኛው ቀን ግን ራሱ ሄዶ የሚንሆንግን ስም ነገራት። ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም። «በየትኛው ፊደል ነው የሚጻፈው?» አለች፣ በቃ።

አሁን ባጁ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጂንሹዪ የሚያነበው ፊደል ብዙ አይደለም፤ የሚንሆንግ ሙሉ ስም የሚጻፍባቸውን ሦስት የቻይንኛ ፊደላት ግን ዓይኑን ጨፍኖም ይለያቸዋል። ከሥራቸው «ቤተሰብ» ይላል። ልቡ እንደ ጀልባ ከበሮ ይደልቅ ጀመር።

በሩ ላይ ነጭ መኪና ቆመ። የወረደው ቲየንፋ ነው።

ሰላምታም አልሰጠ። ቀዩን ባጅ ብድግ አድርጎ «የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለ። «ደውላችሁልኛል፣ መጥቻለሁ። ተራራው ላይ ካለው ቤተ መቅደስ ቦታ ይዤለታለሁ። መነኮሳቱ ያስተካክሉታል።»

ጂንሹዪ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«የደወለው ጸሐፊያችን ነው፤ የድሮውን ፋይል አይቶ ተሳስቷል፣ ይቅርታ» አለች ዪጁን። «የርስዎ ግን ሰማያዊው ነው፣ ጌታዬ።»

«የእናቱ ልጅ ነኝ እኮ። እንግዳ ልባል?»

«ቤተሰቤ ብለው ያስመዘገቡት ሌላ ሰው ነው።»

«ቆይ፣ እናንተ ልታክሙት ነው ልታጋቡት?»

«መጋባቱን የአገራችን ሕግ ፈቅዶላቸዋል፤ የኛ ሥራ አይደለም።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እኛ የምናክመው እንቅልፍ ማጣታቸውን፣ ምግብ መተዋቸውን፣ ሞት መመኘታቸውን ነው። ሰው መውደዳቸው ሕመም አይደለም፤ አንነካውም።» ከዚያ ወደ ጂንሹዪ ዞረች። «ጋሼ፣ የሚወጡት እርስዎ ነዎት። ማን ይፈርም?»

እስከ ዛሬ በወንድሙ ፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከየት እንደመጣ ሳያውቀው ድምፁ በግቢው ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ሚንሆንግ ይፈርም።»

«ሰምተናል» አለ ጓንግሊ ከደረጃው ላይ። «ጎረቤትም ሰምቷል።»

ዪጁን እጇን ዘረጋች። ቲየንፋ ባጁን እጇ ላይ አላኖረውም፤ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ያኔ ሞተር ሳይክሉ ተሰማ። ጂንሹዪ ድምፁን ከመቶ ሞተር መሃል ይለየዋል። ሚንሆንግ ነጩን መኪና አይቶ የቲየንፋ መሆኑን አወቀ፤ ከበሩ ወዲያ ቀረ። ሞተሩን እንደያዘ ፀሐይ ላይ ቆመ። በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ በክር ታስሮ መሪው ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ቁም ያለው ሰው የለም። ለምዶት ነው።

ቲየንፋም አየው። ወደ ወንድሙ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ ዘመድ ሲጠይቀኝ ያ ሰውዬ ምኑ ነው ልበል?» አለው።

ለዚህ ጥያቄ ጂንሹዪ መልስ ነበረው። በመርከብ ብየዳ ሥራው ላይ፣ በኋላም አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲስለው የኖረ፤ አክስቶቹንም ሊቀመንበሩንም አንድ በአንድ የሚያዳርስ መልስ። አሁን ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሚንሆንግ ግን ፀሐይ ላይ ነው፤ መልሱ ደግሞ ረጅም ነው።

ባጁን ከጠረጴዛው አነሳና ወደ በሩ ሄደ። መጀመሪያ በእርምጃ፤ ግቢው መሃል ሲደርስ እግሩ ራሱ ፈጠነ። ቀዩ ክር ከጣቶቹ መሃል ወጥቶ ይወዛወዛል።

«አንተን እኮ ነው የምጠይቀው» አለ ቲየንፋ ከኋላው።

ከበሩ ወዲያ ሚንሆንግ ሄልሜቱን አወለቀና ባጁን እንዲያጠልቅለት አንገቱን ዝቅ አደረገለት።