ፔርሙዝ ተሸጠ

ሰፊው ሕዝብ ይወቅልኝ፤ ዛሬ አንድ ፔርሙዝ ተሸጧል!

አዋጁን የሰማው የክፍሉ ግድግዳ ብቻ ነው። ሰውዬው ፔርሙዞቹን ከመርካቶ ገዝቶ ለአንድ የኦንላይን ገበያ ድርጅት መጋዘን ካስረከበ ወዲህ፣ ማሸጉም ለገዢ ማድረሱም የእነሱ ሥራ ሆኗል። «ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ቀረልህ» ብለውት ነበር፤ እውነትም የሚያናግረው ጠፋ።

ስልኩን ታቅፎ ጥሪ ሲጠብቅ በሩ ተንኳኳ። ዕቃ አድራሹ ሞተረኛ አሸብር ፔርሙዙን ይዞ ቆሟል።

«ምነው ሳትደውል?»

«ቤትዎን ለመድኩት እኮ ጋሼ! በፊት ‹ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ግራ› እያሉ በስልክ ይመሩኝ ነበር፤ አሁን ዓይኔን ጨፍኜም አልስተው። ግን ደረሰኙ ላይ ሻጩም እርስዎ፣ ገዢውም እርስዎ፤ ነገሩ እንዴት ነው?»

ሰውዬው ፔርሙዙን ተቀበለ።

«ሁለተኛ ሳትደውል እንዳትመጣ።»

«ለምን?»

«አልነግርህም።»