የአመዱ ተራ

የኒውክሌር መብራት ከገባ ወዲህ የኮምቦልቻ ሰማይ ከመጥራቱ የተነሣ አሞራ እንደ መስታወት እያየበት ላባውን ያበጥራል ይባል ነበር። ሕጉ ግን መብራቱን ያበራ ሰፈር አመዱንም ራሱ ያስቀምጥ የሚል ነው። ስለዚህ ነዶ ያለቀው ነዳጅ በታሸገ የብረት ሣጥን ሆኖ፣ እንደ ማኅበር ጽዋ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ሣጥኑ ማንንም አይጎዳም ተብሏል። ያም ሆኖ እሱ ባለበት ቤት እንግዳ አይገባም።

ጎሹ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ "የሰባቱንም ሰፈር ሣጥኖች አምጡልኝ! ትራስ አድርጌ ነው የምተኛባቸው!" ብሎ ሲፎክር ድንኳኑ ሊነቀል ምንም አልቀረው። ተራው የደረሰ ዕለት ግን ያ አንበሳ ወገቤን ብሎ ተኛ። ሣጥኑም ባለተራ የነበሩት ጎረቤቱ እትዬ ዘርፌ ዘንድ ለሁለተኛ ወር ቀረ።

እሑድ ጠዋት ሊጠይቃቸው ሄደ።

"እትዬ፣ ይኼ ወገቤ ባይዘኝ ኖሮማ በአንድ ክንዴ አንጠልጥዬ…"

"አጣሁት እንዴ ጎሽዬ! ሁለትም ታነሣ ነበር" አሉና ሳቁ። ከዚያም ሳይጠይቃቸው በርጩማ ይዘው ወጡና ከበሩ ራቅ አድርገው፣ ከግቢው ዛፍ ሥር አስቀመጡለት። "እዚህ ተቀመጥ። የመጣው ሁሉ እዚሁ ነው የሚቀመጠው።"

ጎሹ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየ። እትዬ ዘርፌ ሣጥኑን ጥልፍ ጨርቅ አልብሰውታል። ከፊቱ አንድ ወንበር አለ፤ የቁርስ ሳህናቸውም ሣጥኑ ላይ ነው።

ልግባ ብሎ አሰበ። አሰበና በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

"ወገብህ እንዴት ነው?" አሉት።

ጎሹ መሬት መሬቱን አየ። ወገቡን አንድም ቀን አሞት አያውቅም።