በአዲሱ አምፕሊፋየር ውስጥ

ጠጋኙ ነገ የራሱን ሱቅ ይከፍታል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ሽቦ ቀጣዩ» እያለ ያንቋሸሸው አሠሪው ባለሱቅ ካርቶኑ ያልተከፈተ የጊታር አምፕሊፋየር አመጣለት።

«አዲስ ማርካ ነው፤ ሳትሄድ እስቲ እየው።»

«እንደ ድሮዎቹ መሰለህ? ይሄ ዓመትም አይሞላው!» አለ ጠጋኙ።

«አንተንም እንደዚያ ብለውህ ነበር፤ ይኸው ሃያ ደፈንክ!» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ጠጋኙ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ካርቶኑን ቀደደ፤ የኋላ ክዳኑንም ፈታ። የጠገነውን ዕቃ ሁሉ ከውስጥ መፈረም ልማዱ ነው። እዚህም የገዛ ፊርማው አሥራ አንድ ጊዜ ሰፍሯል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ቀንና የዚሁ የአሠሪው ሱቅ ማኅተም አለ። የመጨረሻው ቀን ገና ያልደረሰ፣ ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ የሚውል ነው። የመጀመሪያው ግን የዛሬ ነው፦ «ማብሪያው ተሰብሮ ተቀየረ።»

«ቀልዱን ነው!» አለና ማብሪያውን ጫን አደረገው።

ቀጭ ብሎ ተሰበረና መዳፉ ላይ ወደቀ።