የአስታራቂው የመቃብር ድንጋይ
የሟቹ ሴናተር ሚስት ሕዝብ በተሰበሰበበት የመቃብሩን ድንጋይ ጨርቅ ስትገልጥ፣ ጥቁር አሜሪካዊው ድንጋይ ጠራቢ ኦባድያ ባርኔጣውን አላወለቀም። ከባልየው ስም ሥር «ሰሜንና ደቡብን ያስታረቀ» ብሎ እንዲቀርጽ ነበር የታዘዘው። እሱ ግን ከዚያ በታች የራሱን መስመር ጨምሮበታል፦ «ሊዲያ፣ ከነጻዋ ፔንሲልቬንያ ተይዛ ለደቡብ ጌታዋ የተመለሰች።»

«ሊዲያ ደግሞ ማናት?» አለች ሴትዮዋ፣ ፊቷ ደም መስሎ።

«ሚስቴ ናት፣ እመቤት። ከደቡብ ባርነት አምልጣ፣ ባርነት በሌለበት በዚህ በሰሜን ዘጠኝ ዓመት ከእኔ ጋር ኖራለች። ባልዎ ሁለቱን ወገን ያስታረቁት ‹ያመለጠ ባሪያ ሁሉ ይመለስ› በሚል ሕግ አይደል? እንግዲህ የዕርቃቸው ካሳ ሆና የተከፈለችው እሷ ናት።»

«አንተ ባለጌ! አሁኑኑ ፍቀህ አጥፋው!»

ኦባድያ ሦስት ሳምንት ሙሉ መሮውን ሲመታ የከረመው ይህችን ቃል ከአፏ ለመስማት ነበር። ተጠግቶ ሌባ ጣቱን በሊዲያ ስም ውስጥ እስከ አንጓው ከተተና ቀና ብሎ አያት።

«የእሷን ይህን ያህል አጥልቄዋለሁ። የባልዎን ግን በጥፍር እንደ መጫር ነው ያደረግኩት። ድንጋዩ ከተፋቀ፣ እመቤት፣ ቀድመው የሚጠፉት እሳቸው ናቸው።»