ከማኅተሙ ሥር

የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ሦስት ዋንጫዎች ተደርድረዋል። ሦስቱም የታናሽየው ናቸው። አንደኛው ውስጥ እናትየው ክር ያስቀምጡበታል፤ አርባ ዓመት በኤሌክትሪክ የስፌት መኪና ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸውና፣ ዋንጫም ቢሆን ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አይወዱም። ታላቅየው ክር ሊያቀብላቸው እጁን በሰደደ ቁጥር አንጀቱ ያርራል።

ቢያርርም አይፈረድበትም። በሪሞት የሚነዱትን ትንንሽ የውድድር መኪኖች መጀመሪያ ወደ ቤት ያመጣው እሱ ነው። ማኅበሩን ያቋቋመ እሱ፣ በአሮጌው መጋዘን ወለል ላይ መሮጫውን ያሰመረ እሱ፣ ታናሹን ያስተማረም እሱ። ሥራው ራሱ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ መጠቅለል ነው። ታናሽየው የጂኦግራፊ መምህር ነው። እና አንድም ዓመት፣ አንድም ቀን፣ ታላቅየው ዋንጫ ይዞ እናቱ ቤት ገብቶ አያውቅም።

የማኅበሩ ደንብ ጥብቅ ነው፤ ያረቀቀውም ራሱ ታላቅየው ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ አሥራ ሁለት አንድ ዓይነት ሞተሮች በዕጣ ይታደላሉ። የእያንዳንዱ ቁጥር ሞተሩ ላይ ተጽፎ ቁጥሩን የሚሸፍን ማኅተም ይለጠፍበታል፤ አቤቱታ ሲቀርብ ማኅተሙን የሚልጠው ዳኛው ብቻ ነው። ሽቦ መነካካት ክልክል። ሞተር መለዋወጥ ክልክል፤ የተለዋወጠ ከማኅበሩ ይባረራል። ለተወዳዳሪው የተተወለት የማርሹን ጥርስ መምረጥ ብቻ ነው። ጥርስ ከቀነሰ መኪናዋ ከመታጠፊያ ስትወጣ ትበረታለች፣ ከጨመረ ቀጥታው ላይ ትፈጥናለች።

ዘንድሮ ለታላቅየው አራት ቁጥር ደረሰው፣ ለታናሽየው ሰባት። ዓመቱን ሙሉ ሰባትን የሚቀድም ጠፋ።

«ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይል ነበር ታላቅየው፣ ላገኘው ሁሉ። በኋላ በኋላ ግን «ቅሉስ ቅል ነው፤ ሽቦው ሳይነካ አይቀርም» ማለት ጀመረ። ወሬው ዞሮ ዞሮ እናትየው ጆሮ ገባ።

የመጨረሻው ውድድር ዕለት ታላቅየው ከሁሉ ቀድሞ ልድረስ ብሎ ማልዶ መጣ። ታናሹ ካቻቢቴ ይዞ ከመኪኖቹ ማቆያ ክፍል ሲወጣ ተገጣጠሙ።

«በጠዋቱ ምን ትሠራለህ?»

«ጥርስ ልቀይር ነው ጋሼ።» ታናሽየው ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። «ዘንድሮ እማዬ ያንተን ዋንጫ ማየት አምሯታል።»

ታላቅየው ነገሩን ሽሙጥ አድርጎ ቆጠረው።

በልምምዱ ላይ የታላቅየው መኪና ሮጣ የማታውቀውን ሩጫ ሮጠች። ዓይናቸው የደከመው እናቱ ከጥግ ተቀምጠው በጆሯቸው ይከታተላሉ። «ዛሬስ የትልቁ ልጄ ናት የምትዘፍነው» አሉ። ታላቅየው ትናንት አንድ ጥርስ ቀንሶ ነበርና ምስጋናውን ለጥርሱ ሰጠ። ግን የታናሹ መኪና ወደ ኋላ ስትጎተት ባየ ጊዜ ደስታው ጠፋ። «ጉልበቱን እየደበቀ ነው» አለ በሆዱ። «ጠዋት የጎረጎረውን ለፍጻሜው ሊያወጣው ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ እሱ መነጽሬን ረሳሁ ብሎ ተመለሰ።

«ብላና ትፈልገዋለህ እንጂ! ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አሉት እናቱ። አልሰማቸውም።

ጥቂት ብሎን መፍታት፣ ሽቦ መንቀል፣ መልሶ ማሰር። እጁ የኖረበት ሥራ ነው። የታናሹን ሞተር በራሱ መኪና ላይ፣ የራሱን በታናሹ መኪና ላይ ገጠመ። ጥርሶቹን በየቦታቸው መለሰ፣ ማኅተሞቹን አልነካም። ከሌባ ላይ መውሰድ ስርቆት አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና።

በፍጻሜው ታናሽየው በግማሽ ዙር ቀደመው።

ታላቅየው ሪሞቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። በየትኛው ጉልበት? ለአቤቱታ አፉን ሊከፍት ሲል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያደረገው ትዝ አለውና ዘጋው።

ያኔ እናትየው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አቤቱታ አለኝ» አሉ። የማኅበሩ አባል ባይሆኑም ደፍሮ እምቢ ያላቸው የለም። «ትንሹ ልጄ አጭበርባሪ ነው ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሰማሁ። የሁለቱም ማኅተም ይላጥና ከሐሜት እንረፍ።»

የታናሽየው ፊት አመድ መሰለ። «እማዬ ተይው እባክሽ! ዋንጫውን ጋሼ ይውሰደው።»

ያዝኩህ፣ አለ ታላቅየው በልቡ። ወዲያው ግን ቁርጡ ገባው። ማኅተሙ ሲላጥ የሚወጣው የእሱም ጉድ ነው፤ የራሱ አራት ቁጥር በታናሹ መኪና ላይ፣ የታናሹ ሰባት በእሱ ላይ። ባረቀቀው ደንብ፣ በእናቱ ፊት ሊባረር ነው።

«ተይው እማዬ» አለ እሱም። «ወንድሜ ነው፣ አምነዋለሁ።»

«ይላጥ ብያለሁ!»

ዳኛው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አይቸኩልም። ሁለቱን ሞተሮች ፈትቶ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። ማኅተሞቹን በጥፍሩ አንድ በአንድ ላጠ፣ የዕጣውን ዝርዝር አወጣ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ደግሞ አየ። ታላቅየው ዓይኑን ጨፈነ።

«የመምህሩ መኪና ላይ ሰባት፣ የታላቁ ላይ አራት» አለ ዳኛው። «ዕጣ ከወጣ ጀምሮ ሞተሮቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።»

ታላቅየው ዓይኑን ገልጦ ታናሹን አየ፤ ዓይኑ ጠዋት ካቻቢቴው የተከተተባት ኪስ ላይ አረፈ።