ቶርኖው ከነሙሉ ዕቃው

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ይልቅ የብረት መቅረጫ ቶርኖውን ይወድ ነበር። ከቢሮ ሲመለስ ራቱን እንኳ ሳይቀምስ እሱ ላይ ይደፋል። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲቀርጽ ኖሮ፣ ለጣቴ የምትሆን አንዲት ቀለበት ሳትወጣለት ሞተ። "ለካኝ እንጂ ሰውዬ!" ስለው፣ "ዓይኔ ይበቃል" ይላል፤ ጉረኛ! የሠራቸው ቀለበቶች ሁሉ ይሰፉኝ ነበር። አሁንማ ከስቼ በአውራ ጣቴም አይቆሙ።

ቶርኖውን የሚገዛኝ የጋራዥ ሰው ነው። ከቀብሩ ማግስት መብራቱን አስቆርጬ ቆልፌው የኖርኩትን የቶርኖውን ክፍል ከፈትኩለት። ሸራውን ገለጠና አፉን ያዘ።

"እትዬ፣ አቧራ እንኳ የለው! ዘይቱም አዲስ ነው። ማን ነው የሚይዘው?"

"ማን ይይዘዋል! ከነመቁረጫው፣ ከነብረት መንከሻው ጠራርገህ ውሰድልኝ።"

"መንከሻው ላይ ያለችውንም ቀለበት?"

"እሷንማ ከነጉዷ! ሙያ ተብዬውን እይልኝ!"

ፈትቶ ሲያቀብለኝ፣ እንዴት እንደምትወልቅ ላሳየው ጣቴ ላይ አጠለቅኳትና እጄን ቁልቁል አራገፍኩ።

አልወለቀችም። የዛሬው ጣቴ ልክ ናት። ደግሞም ገና አሁን ተቀርጾ እንደወጣ ብረት ትሞቃለች።