የመርከቧ ሰላይ

አራት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጓዳ ተሰብስበው አንድ የድሮ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ያያሉ። ፊልሙ አርባ ክፍል አለው። አርባውንም ዘጠኝ ጊዜ አይተውታል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ናቸው፤ ሁሉም "ካፒቴን" ይሏቸዋል። የተቀሩት ልብስ ሰፊዋ ራሷ፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና አምና የተቀላቀለ ፀጉር አስተካካይ ናቸው።

እንደነሱ ባሉ ሰዎች ላይ የተሠራ ፊልም ሊወጣ መሆኑን የነገሯቸው ካፒቴን ነበሩ። ትኬቱን ራሳቸው ቆረጡ። "ዩኒፎርማችሁን ተኩሳችሁ ኑ" አሉ። ለእያንዳንዳቸውም ንጹሕ መሐረብ አደሉ።

ዩኒፎርሙን ልብስ ሰፊዋ የሰፋችው ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ሲራመድ አንገትጌው ሥር የተረሳው የመጋረጃ ቀለበት ይንቃጨላል።

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ "በሳቅ ፍርስ የሚያደርግ ኮሜዲ" ይላል። ካፒቴን ፊቱ ቆመው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ደግመው አነበቡ።

"እንግባ ካፒቴን፣ ሊጀምር ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ፊልሙ አያስቅም። ተዋናዮቹ በየደቂቃው ይወድቃሉ፤ በወደቁ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋል። ከኋላ አንድ ሰው ድምፅ አውጥቶ አዛጋ፤ ማዛጋቱ ወደ ጎን እየተጋባ ሄደ።

ግማሽ ላይ ግን የጥርስ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። በፊልሙ ውስጥ ያለ አንድ ሐኪም፣ ልክ እንደ እሱ፣ በተከታታዩ ያለችው የጠፈር መርከብ የፈነዳች ዕለት ሲያለቅስ አምሽቶ፣ በማግስቱ "ሐዘን ደርሶብኛል" ብሎ ከሥራ ቀረ። ቀጥሎ መጋረጃ ቀድዳ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት መጣች። ቀጥሎ ደግሞ የመርከቧን መሐንዲስ እመስላለሁ ብሎ ቅንድቡን የላጨ ፀጉር አስተካካይ።

የቅንድቡ ጉዳይ ከጓዳዋ ወጥቶ አያውቅም። ፀጉር አስተካካዩ እስኪያበቅል ድረስ ደንበኞቹን "አለርጂ ነው" እያለ ነበር የከረመው።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ተመልካቹ አራቱን ባለ ዩኒፎርሞች አየ። አዳራሹ የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

አራቱም ወደ ጓዳዋ ተመለሱ።

"ከመካከላችን ሰላይ አለ" አለ የጥርስ ሐኪሙ። እሱና ልብስ ሰፊዋ እኩል ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ።

"አንተ ስታወራ ነው የምትውለው" አለችው ልብስ ሰፊዋ። "ወንበርህ ላይ ተቀምጦ የኛን ጉድ ያልሰማ ሰው ይኖራል?"

"እና የገዛ ቅንድቤን አወራለሁ?"

"ፊልሙን እያየህ ስትስቅ ሰምቼሃለሁ" አለ ሐኪሙ።

"አንዴ ነው የሳቅሁት። እሱም ባንተ ነው።"

ይህ መልስ አልረዳውም። ልብስ ሰፊዋ ዩኒፎርሙን አስረክቦ ከማኅበሩ ይውጣ አለች። ሐኪሙም ደግፎ እጁን አወጣ።

ፀጉር አስተካካዩ አልተከራከረም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚህች ጓዳ ሌላ ቅዳሜን የሚያሳልፍበት ቦታ አልነበረውም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ።

"ቆልፍ" አሉት ካፒቴን።

"ካፒቴን፣ ሰውየው እኮ መሳቂያ አድርጎናል" አለ ሐኪሙ።

"የጻፈው ሰው መሳቂያ ሊያደርገን የጻፈ አይመስለኝም። ሐኪሙ የሚያለቅስባት ቦታ፣ ያንን ጥሩምባ ባይነፉባት ደኅና ነበረች።"

"እርስዎ ደግሞ ሆድዎ ቶሎ ይባባል" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ቢሆንም የካፒቴን ትእዛዝ አይሻርም። ፀጉር አስተካካዩ ቁልፎቹን መልሶ ቆለፈ፤ ከመደናገጡ የተነሳ አንዱን ዘለለውና ዩኒፎርሙ ተንጋደደ። ሐኪሙ ትንሽ አንገራገረና ይቅርታ ጠየቀው። ልብስ ሰፊዋ የተዘለለውን ቁልፍ እያስተካከለችለት "አንተም ወሬህን ቀንስ" አለችው። የፊታችን ቅዳሜ ከክፍል አንድ ጀምረው ለአሥረኛ ጊዜ ሊያዩ ተስማምተው ተለያዩ።

ካፒቴን ቤታቸው ገብተው ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ስልካቸው ጠራ። የደወለው የፊልሙ አዘጋጅ ነበር።

"እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለ ወጣቱ። "ድርሰትዎን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን እንዴት እንደሳቅሁ ልነግርዎት አልችልም።"

"ልጄ" አሉ ካፒቴን፣ "እኔ የላክሁልህ እኮ አሳዛኝ ድራማ ነው።"